የነገርኳቸው ባቡር

ሆሳዕና ባቡር ገብቶባት አያውቅም። የጅቡቲው መስመር፣ አሮጌውም አዲሱም፣ ከአዲስ አበባ ተነስቶ ፊቱን ወደ ምሥራቅ ያዞረ ነው፤ እኛ ደግሞ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ምዕራብ ርቀን ደጋው ላይ ነን። እንዲያም ሆኖ የሰፈሬ ጎረምሶች ስለ ባቡር አልጋ ጠንቅቀው ያወራሉ። የላይኛው አልጋ ከግድግዳው እንዴት እንደሚዘረጋ፣ ብርድ ልብሱን ማን እንደሚያመጣ፣ ኪምበርሊ ሲደረስ እንደሚመሽ፣ ጠዋት ላይ በረዶ የለበሰ ተራራ በመስኮት እንደሚታይ ያውቃሉ። ሲያወሩ የሰማቸው እንግዳ ከጆሃንስበርግ ኬፕታውን ተሳፍረው የተመለሱ ይመስሉታል። አንዳቸውም ሞያሌን አላለፉም። ያወራሁላቸው እኔ ነኝ።

የምናዘዘው ስለዚህ ባቡር ነው። ከነገርኳቸው ውስጥ አንዲት ሐሰት የለችበትም። አልጋው ነበረ፣ ብርድ ልብሱ ነበረ፣ በረዶውም ነበረ። ዋሽቼ ቢሆን ኖሮ አንድ ቀን ይያዝብኝና እገላገል ነበር። እውነቱን እየመረጥኩ ስለተናገርኩ ግን እስከ ዛሬ የያዘኝ ሰው የለም።

መጀመሪያ ለምን እንደሄድኩ ልናገር፤ እዚያም ላይ ለዓመታት የሸፋፈንኩት ነገር አለና። ሰው ሲጠይቀኝ «ድህነት ነው» እላለሁ። ድህነት የተከበረ መልስ ነው፤ ጠያቂው ከንፈሩን መጥጦ ያልፋል። የእኛ ቤት ግን የድሃ ቤት አልነበረም። ከሆሳዕና ወጣ ብሎ ሌሞ ውስጥ አባቴ እንሰትና ስንዴ ነበረው፤ ጥማድ በሬና የምትታለብ ላም ነበሩን። እኔም አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ከተማ ውስጥ በአንድ የግንባታ ዕቃ መሸጫ ተቀጥሬ ነበር። ወደ ሳውዝ፣ ማለትም ወደ ደቡብ አፍሪካ፣ የሚሄድ ሰው የሚሸጠው በሬ፣ የሚያስይዘው መሬት ወይም እዚያ ሆኖ የሚከፍልለት ዘመድ ያስፈልገዋል። የደሃ ደሃ ከቀበሌውም አይወጣም።

ያስነሳኝ ቅናት ነው። አብሮኝ የተማረ ልጅ ከሳውዝ ብር ልኮ ለአባቱ የብሎኬት ቤት ሠራ። ቤቱስ ባልከፋ። ከዚያ በኋላ ግን ለቅሶ ቤት ስንሄድ ለአባቱ ከፊት ወንበር ይለቀቅላቸው ጀመር። አባቴ እንደ ወትሮው ከኋላ አግዳሚው ላይ ይቀመጣል። እሱ ግድ አልነበረውም፤ ያንን ወንበር እያየሁ የምቃጠለው እኔ ነበርኩ። በሬዎቹን እንዲሸጥና መሬት እንዲያስይዝ የለመንኩት እኔ፣ እንቢ ሲለኝ እራት ሳልበላ ያደርኩት እኔ ነኝ። ኋላ ለሰው ሲነገር ግን «አባቱ ላከው» ሆነ። እኔም አላረምኩም።

ነገሩ ከእኔ በፊት የተጀመረ መሆኑ ልቤን አደንድኖልኛል። አፓርታይድ በ1986 ዓ.ም. አክትሞ የደቡብ አፍሪካ በር ለጥቁር አፍሪካዊ ሁሉ ገርበብ ካለ በኋላ፣ በ1993 ዓ.ም. አንድ የውጭ አገር ሰባኪ ሆሳዕና ላይ በጉባኤ ቆሞ የደቡብ መንገድ እንደሚከፈት ተናገረ ይባላል። የሀዲያን ስደት ያጠኑ ተመራማሪዎችም ይህን ትንቢት ጽፈውታል። ብዙ ሳይቆይ የመጀመሪያዎቹ ሄዱ፤ ገንዘብ መጣ፤ ከተማው ፎቅ አበቀለ፤ ትንቢቱ ደረሰ ተባለ። ከዚያ ወዲህ መሄድ ጸሎት የሚጸለይለት ነገር ሆነ። ሆሳዕናም፣ ዱራሜም፣ ሾኔም፣ ሺንሺቾም እንዲሁ ነበር። እኔም እጅ ተጭኖብኝ ነው የወጣሁት። ቅናቴን ጸሎት አለበስኩት።

መንገዱን በአጭሩ ላውራው። ሞያሌን በሌሊት አለፍን። ናይሮቢ፣ ኢስሊ ሰፈር፣ አንድ ክፍል ውስጥ ተደራርበን ደላላ እስኪጠራን ቆየን። ታንዛኒያን በጭነት መኪና ሸራ ሥር ሆነን አቋረጥን። ወደ ማላዊ የገባነው በእግር፣ በጫካ ነው፤ እዚያ ላይ ከአንጋጫ የመጣ አንድ ልጅ እግሩ አብጦ ከእኛ ተለይቶ ቀረ። ዛሌካ የሚባለው የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ትንሽ ትንፋሽ ሰበሰብን። ሞዛምቢክን በቴቴ በኩል፣ ከዚያ ዚምባብዌን፣ ከዚያ ሊምፖፖን። ሙሲና የምትባለው የድንበር ከተማ ላይ ጥገኝነት ጠያቂ መሆኔን የሚገልጽ፣ በየጊዜው የሚታደስ ወረቀት ተሰጠኝ። ጆሃንስበርግ ስደርስ የ2003 ዓ.ም. ሰኔ ሊያልቅ ነበር።

ጄፒ የምንለው ጎዳና የጆሃንስበርግ ኢትዮጵያ ነው። የከተማው አስተዳደር ስሙን ራሂማ ሙሳ ብሎ ቢለውጠውም እኛ ጄፒ ማለቱን አልተውንም። ፎቁ ሁሉ ከላይ እስከ ታች በጠባብ ሱቅ ተሸንሽኖ ብርድ ልብስ፣ መጋረጃ፣ ጫማ በጅምላ ይሸጥበታል። ደረጃው ላይ በሀዲይኛ ሲጨቃጨቁ ሰምቼ ቆሜ ቀረሁ። አባቴ ከበሬው ሽያጭ ከከፈለው የቀረውን የመንገድ ወጪ የሸፈነልኝ ዘመዴ እዚያ መጥቶ ተቀበለኝ። ሱቁ ያለው ከኬፕታውን ወዲህ ባለች ዉስተር በምትባል ከተማ ነበር። አውቶቡሱን ፖሊስ እያስቆመ ወረቀት ይጠይቃል ብሎ ስለፈራ በባቡር እንድሄድ ወሰነ፤ ቲኬቱንም አልጋ ካለው ክፍል ቆረጠልኝ። እሱ ዕቃ ጭኖ በመኪና ሊመለስ ነው። ወንበር ብቻ ያለው ፉርጎ ርካሽ ስለነበር ለምን አልጋ እንደገዛልኝ ጠየቅሁት። «ያለፍክበትን መንገድ አውቀዋለሁ። አንድ ሌሊት ተኛ» አለኝ። ከዚያ በኋላ እኔና እሱ ስለዚያ መንገድ አንስተን አናውቅም።

ሾሾሎዛ ሜይል ይባል ነበር ባቡሩ። ከፓርክ ስቴሽን እኩለ ቀን አካባቢ ተነስቶ 1,500 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄድና በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ኬፕታውን ይገባ ነበር። ክፍላችን አራት ሰው የሚይዝ ነበር። ቀን ሁለት አግዳሚ መቀመጫ ነው፤ ማታ የላይኛው አልጋ ከግድግዳው ይዘረጋል። መስኮቱ ሥር ያለውን ጠረጴዛ ሲያነሱት ከሥሩ የእጅ መታጠቢያ ይወጣል። ውኃውን ከፍቼ እጄ ላይ እያፈሰስኩ ረጅም ጊዜ ቆየሁ። አብረውኝ የነበሩት ሰዎች እየሳቁ አዩኝ።

ከከተማው ስንወጣ ከወርቅ ጉድጓድ የወጣ አፈር ቢጫ ኮረብታ ሆኖ ተቆልሎ አየሁ። ከዚያ በቆሎው የታጨደበት፣ ደርቆ የነጣ ሜዳ ነው፣ ማለቂያ የለውም። ፊት ለፊቴ የተቀመጡት ሽማግሌ በወርቅ ማዕድን ሲሠሩ ያረጁ ነበሩ። የእኔ እንግሊዝኛ የትምህርት ቤት፣ የእሳቸው የማዕድን ቤት ቢሆንም ተግባባን። ድሮ ከማላዊ፣ ከሞዛምቢክ፣ ከሌሶቶ ወጣቱ በባቡር እየተጫነ ለማዕድን ሥራ ይመጣ እንደነበር አጫወቱኝ። ኮንትራቱ ሲያልቅ ብርድ ልብስና ራዲዮ ገዝቶ ወደ አገሩ ይገባል። «ቤታችን ስንገባ የምናወራው ስለ ራዲዮው ነበር» አሉ፤ ስለ ጉድጓዱ የሚጠይቅም የሚናገርም አልነበረም። ያን ጊዜ ጨዋታ መስሎኝ ሳቅሁ።

ኪምበርሊ ስንደርስ ጨልሟል። ሽማግሌው በጨለማው ውስጥ በጣታቸው እያመለከቱ ሰው በዶማና በአካፋ አልማዝ ፍለጋ የቆፈረው ታላቅ ጉድጓድ እዚያ እንዳለ ነገሩኝ። የባቡሩ ሠራተኛ አንሶላና ብርድ ልብስ አመጣ። ሌሊት ደ አር የሚባል የሐዲድ መጋጠሚያ ላይ ቆመን ነበር፤ መስኮቱን በትንሹ ብከፍተው ብርዱ እንደ ምላጭ ገባ። በዚያ አገር ሰኔና ሐምሌ የብርድ ወራት ናቸው፤ ካሩ የሚሉት ደረቅ ሜዳ ሌሊት ውኃ ያረጋል። መስኮቱን ዘግቼ ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫዬ ሳብኩ። ሞያሌን ካለፍኩ ጀምሮ ሳልባንን ያነጋሁበት ሌሊት ያ ነበር።

ጠዋት ከ13 ኪሎ ሜትር በላይ በሚረዝም ዋሻ አለፍን። ስንወጣ ሄክስ ወንዝ የሚባለው ሸለቆ ተዘረጋ። ቅጠሉን ያራገፈ የወይን ተክል በረድፍ ቆሟል፤ ከላዩ ተራራው ጫፉ ነጭ ነው። ማትሩስበርግ የተባለው የዚያ ሰንሰለት ዋና ጫፍ 2,249 ሜትር ነው፤ ከፍታው የሆሳዕናን ያህል መሆኑ ነው። የእኛን አገር የሐምበሪቾን ተራራ እያየ ያደገ ሰው ኮረብታ ብሎ የሚያልፈው ነው፤ እሱ ግን በረዶ ተሸክሟል። አፌን ከፍቼ አየሁት። በዚያው ሸለቆ ደ ዶርንስ በምትባል ከተማ በ2002 ዓ.ም. ኅዳር ወር ወደ 3,000 የሚጠጉ ዚምባብዌያውያን ከቤታቸው ተባርረው ሜዳ ላይ ሰፍረው እንደነበር የሰማሁት ኋላ ነው። ከባቡሩ መስኮት የሚታየው ወይኑና በረዶው ብቻ ነበር።

ዉስተር ስወርድ መጀመሪያ ያደረግሁት ስልክ መደወል ነው። እናቴ አነሳች። ድምፄን ስትሰማ እልል አለች፣ ከዚያ አለቀሰች፣ ከዚያ «ልጄ፣ እንዴት ገባህ?» አለችኝ። «እማዬ፣ በባቡር አልጋ ላይ ተኝቼ፣ በመስኮት በረዶ እያየሁ ገባሁ» አልኳት። በዚያ ሰዓት ሌላ ምን እንድላት ይጠበቃል? የመጀመሪያዋን ቀን ለራሴ ይቅር ብያለሁ። የምናዘዘው ስለ ተከታዮቹ ነው።

የቀረውን የብርድ ወራት ሎኬሽን በምንለው የዉስተር የጥቁሮች ሰፈር፣ ዝዌሌቴምባ ውስጥ፣ በቆርቆሮ ሱቅ አሳለፍኩ። ኬፕ አካባቢ ዝናቡ የሚወርደው በእነዚያው ወራት ስለሆነ ቆርቆሮው ሲንኳኳ ዓይኔን ብጨፍን የሆሳዕና ሐምሌ ነው። ዓይኔን ስገልጥ የብረት ፍርግርግ አለ። በፍርግርጉ ቀዳዳ ዳቦ፣ ሻማ፣ እንቁላል፣ የተነጠለ ሲጋራ፣ የስልክ ካርድና የማብሰያ ነጭ ጋዝ እሸጣለሁ። ወይን እርሻው በብርድ ጊዜ ጥቂት ሰው ስለሚፈልግ የሰፈሩ ሰው ኪሱ ይሳሳል፣ ዱቤ ይበዛል፤ ዱቤ የከለከሉት ሰው ደግሞ ማታ በድንጋይ ቆርቆሮህን ይደበድበዋል። ሌሊት የበቆሎ ዱቄት ከረጢት ላይ ነበር የምተኛው፤ ሱቅ ውስጥ ሰው ካልተኛ ተሰብሮ ያድራል። ደመወዝ አልነበረኝም፤ የመንገዴ ዕዳ እስኪያልቅ የምሠራው በነፃ ነው። ዘመዴን አልከስም፤ እሱም በዚያው መንገድ ነው ያለፈው።

በግንቦት 2000 ዓ.ም. በመጤዎች ላይ የተነሳው ረብሻ ከ60 በላይ ሰው መግደሉን ደንበኞቼ እንደ ቀልድ ያነሱብኝ ነበር። «ቀጣዩ የእናንተ ተራ ነው» ይሉኛል፣ ይስቃሉ፣ ዳቦ ይዘው ይሄዳሉ። እኔም እስቃለሁ። ከዚያ ሁሉ ወደ ቤት ያለፈች አንዲት ቃል የለችም። ወደ ቤት የላክሁት ፎቶ ነው፤ ጃኬት ተበድሬ፣ በረዷማውን ተራራ ከኋላዬ አድርጌ፣ እጄን ኪሴ ከትቼ የተነሳሁት።

እሁድ እሁድ እናቴ ቤት ኅብረት አለ። ጎረቤት ተሰብስቦ ይጸልያል፣ ይዘምራል፣ ምስክርነት ይሰጣል። እኔም በስልክ ምስክርነት እንድሰጥ ተጠየቅሁ። እናቴ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጋ መሐል አስቀመጠችው። ስለ ባቡሩ ተናገርኩ፤ ጌታ እንዴት እንዳሻገረኝ፣ አልጋ ላይ እንዴት እንዳስተኛኝ። አሜን አሉ። የአሜኑ ድምፅ ከዝዌሌቴምባ ዝናብ በላይ ተሰማኝ። በሚቀጥለው ጊዜ ደግመው ጠየቁኝ፣ ደገምኩት፣ አሳመርኩት። ሽማግሌውን ጨመርኩ፣ የአልማዙን ጉድጓድ ጨመርኩ፣ ስለ በረዶው አስረዝሜ አወራሁ። አባቴ ለቅሶ ቤት ከፊት ወንበር እንደተለቀቀለት እናቴ የነገረችኝ በዚያ ሰሞን ነው።

ለምን ዝም አልክ ለሚለኝ ብዙ መልስ አለኝ። እናቴ እንዳታዝን ነው። አባቴ በሬውን ሸጦ የገዛልኝን መንገድ «የሞት መንገድ ነው» ብለው እሱን መውቀስ ይሆናል። ደግሞ ማንም አልጠየቀኝም። እነዚህ ሁሉ እውነት ናቸው፤ ከእነሱ በታች ያለው ግን እንደ ቅናቴ ጠባብ ነው። ያንን አሜን እወደው ነበር። በፍርግርግ ውስጥ ሳምንቱን ሙሉ ስሰደብ የከረምኩ ሰው እሁድ በስልክ ለአንድ ሰዓት ያህል ጌታ የመረጠው ልጅ እሆን ነበር። ያንን ማጣት አልፈለግሁም።

ሰኔ 2004 ዓ.ም. ታንዛኒያ ውስጥ ዶዶማ አካባቢ፣ በጭነት መኪና ታጭቀው የነበሩ ከ40 በላይ ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው መገኘታቸው ተሰማ። የመኪናውን ዓይነት አውቀዋለሁ። ሸራውን አውቀዋለሁ። በዚያ ሰሞን ጄፒም ሎኬሽንም ስልኩ ሁሉ ተያዘ፤ ሁሉም መንገድ ላይ ያለ ሰው ነበረው። ሳምንታት ቆይቶ የአክስቴ ልጅ ከሆሳዕና ደወለልኝ። ታናሼ ነው፤ ያን ዓመት እዚያው ሆሳዕና ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ መቀበል ጀምሮ ስለነበር ቤተሰቡ «ነጥብህን አሻሽለህ እዚሁ ተማር» ይለዋል፣ እሱ ግን ልቡ ተነስቷል።

«ወንድሜ፣ እውነቱን ንገረኝ» አለኝ። «በሬዲዮ የሚባለው ልክ ነው? መንገዱ እንዴት ነው?»

ይህ ነው እንግዲህ፤ ማንም አልጠየቀኝም የሚለው መልሴ የፈረሰበት ቀን። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል፤ እኔ በዚያች ደቂቃ ሆዴ የሚያውቀውን ሁሉ ዋጥኩ። «እንደ ዕድልህ ነው። እኔ ያው በባቡር ነው የገባሁት፣ ታውቃለህ» አልኩት።

ከዚያ ዘመዴ መንገዱን ከፈለለት፤ ሱቁ ሌላ ሠራተኛ ይፈልግ ነበርና። ያንንም አውቅ ነበር። እሱ ሲመጣ እኔ ከከረጢቱ ላይ ተነስቼ የራሴን ሱቅ ለመክፈት እንደምለቀቅ ተነግሮኛል።

ገባ። በሕይወት ገባ፤ ይህን የምጽፈው እሱ ሞቶ ጸጸት ስለያዘኝ አይደለም። ገና ሲገባ ፊቱን አይቼ የት የት እንዳለፈ አወቅሁ፤ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፣ በሩ በተንኳኳ ቁጥር ይዘላል። አልጠየቅሁትም፣ አልነገረኝም። ከጆሃንስበርግ ዉስተር የመጣው በሚኒባስ፣ ሌሊቱን ሙሉ ተቆራምዶ ነው። ባቡር አልተሳፈረም።

አንድ እሁድ ሱቁ ጓሮ ውስጥ ስልክ ሲያወራ ሰማሁት። ሆሳዕና ኅብረት ላይ ምስክርነት እየሰጠ ነው። የላይኛው አልጋ እንዴት እንደሚዘረጋ ይናገራል። ስለ ሽማግሌው ይናገራል። ኪምበርሊ ሲደርሱ እንደመሸ ይናገራል። የእኔን ባቡር፣ በእኔ ቃል፣ እኔ ባሳመርኩት ልክ ነው የሚናገረው። ከወዲያ ማዶ አሜን ይሉታል። ሲጨርስ ዞር ብሎ አየኝ፤ ተያየን። እሱ አላፈረም፣ እኔም አልገሠጽኩትም። ገብቶኝ ነበርና፤ ወደ ቤት የሚላክ ታሪክ አንድ ብቻ ነው፣ እሱንም እኔ አዘጋጅቼለታለሁ።

ወደ ሆሳዕና የተመለስኩት በ2011 ዓ.ም. ነው። ቤት ሠርቻለሁ፣ ባለ አንድ ፎቅ፤ ከሥሩ የግንባታ ዕቃ እሸጥበታለሁ፤ ድሮ ተቀጥሬ የሸጥኩትን አሁን በራሴ መሆኑ ነው። በዓመቱ ኮሮና ሲመጣ ባቡሩ እንኳ መሄድ አቆመ። ሰፈር ውስጥ ግን መሄዱን አላቋረጠም። መጋቢት 2012 ዓ.ም. ቴቴ ላይ ከተዘጋ ኮንቴይነር ውስጥ 64 ኢትዮጵያውያን ሞተው፣ 14 በሕይወት ተገኙ። ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ማላዊ ውስጥ ሚዚምባ በሚባለው ወረዳ፣ ጫካ ውስጥ፣ የኢትዮጵያውያን ናቸው የተባሉ ከ20 በላይ አስከሬኖች ከጅምላ መቃብር ወጡ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ዛምቢያ፣ ሉሳካ ዳር፣ 27 አስከሬኖች መንገድ ላይ ተጥለው ተገኙ። እንዲህ ያለ ዜና በመጣ ቁጥር እዚህ ሰው ይደነግጣል፣ ይጸልያል፣ ያለቅሳል። ከዚያ ወር ሳይሞላ አንድ ጎረምሳ ሱቄ መጥቶ ሲሚንቶ እንደሚገዛ ሰው ዋጋ ከጠየቀኝ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጋሼ፣ ያ ባቡር አሁንም አለ?» ይለኛል።

አሁን እነግራቸዋለሁ። መጀመሪያ ሸራውን፣ ከዚያ ኢስሊን፣ ከዚያ ጫካውን፣ ከዚያ ከረጢቱን፣ መጨረሻ ላይ ባቡሩን። ጨዋዎች ስለሆኑ በትዕግሥት ያዳምጡኛል። ስጨርስ ቀና ብለው ፎቁን ያያሉ። ፎቁ ከእኔ የተሻለ ተናጋሪ ነው። አፍርሱት አልላቸውም፤ እኔም አላፈርሰውም። በዚህ ቤት ልጆቼ ያድጋሉ፣ አባቴም በረንዳው ላይ ፀሐይ ይሞቃል። ይህንን ጥቅም ይዤ ሌላውን «አትሂድ» ማለት ግማሽ ጉልበት እንዳለው አውቃለሁ። ቢሆንም እናገራለሁ፤ ከመካከላቸው አንዱ ቢቀር እንኳ እኔ የማላውቀው ዓይነት ውለታ ይሆናል።

እስከዚህ የጻፍኩትን መልሼ ሳነበው ያንኑ ማድረጌን አየሁ። ከላይ፣ ስለ መንገዱ በአጭሩ ባልኩበት ቦታ፣ ከአንጋጫ የመጣ ልጅ «ከእኛ ተለይቶ ቀረ» ብዬ ጽፌ አልፌያለሁ። ይህም የባቡሩን ዓይነት እውነት ነው። ሙሉው እንዲህ ነው። ልጁ ከናይሮቢ ጀምሮ አጠገቤ ነበር። እሱ ከምባታ፣ እኔ ሀዲያ፤ በአማርኛ እናወራ ነበር፤ አንዳችን የሌላውን ቋንቋ እያበላሸን እንሳሳቅ ነበር። በጫካው እግሩ አብጦ ጫማው አልገባ አለው። መንገድ መሪው ኋላ በሞተር መጥተን እንወስደዋለን አለ። ማናችንም አላመንነውም፤ ሁላችንም ያመንን መስለን ተነሳን። ልጁ ዛፍ ተደግፎ ተቀምጦ ነበር። ጀሪካኑ እኔ ጋ ነው፤ ከሥሩ ውኃ አለ፤ ሲንቀሳቀስ ይሰማል። እሱም ይሰማዋል። አልለመነኝም። ትቼለት መሄድ እችል ነበር፤ ይዤው ሄድኩ።

በባቡሩ ያንን መታጠቢያ ከፍቼ ውኃውን እጄ ላይ ያፈሰስኩት ለዚህ ነው፤ ሰዎቹ ባላገርነቴን አይተው የሳቁ መስሏቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ባቡሩን በተናገርኩ ቁጥር ከጫካው አንድ ምዕራፍ እየራቅሁ የመጣሁ ይመስለኝ ነበር። እናቴን ላለማሳዘን፣ አባቴን ላለማስወቀስ፣ አሜኑን ላለማጣት ያልኩት ሁሉ እውነት ነው፤ ከሁሉም በታች ያለው ግን ጀሪካኑ ነው። መንገዱን ማውራት ከጀመርኩ እዚያ ዛፍ ሥር መድረሴ አይቀርም ነበር።

አንጋጫ ከሆሳዕና ሩቅ አይደለም። ለሱቅ ሥራ ወደ ዱራሜ ስለምሄድ በየጊዜው አልፋታለሁ። የልጁን ስም፣ የአባቱን ስም፣ የቀበሌውን ስም አውቃለሁ፤ በዚያ የጭነት መኪና ውስጥ ከማያውቁት ሰው ጋር መሞት ስለሚያስፈራ ሁላችንም ስማችንን እስከ አያት እንነጋገር ነበር። ገብቼ አላውቅም። ለራሴ የምነግረው ምክንያት «ምናልባት ተርፎ ይሆናል፤ እናቱ ተስፋ እያደረገች ይሆናል፤ ተስፋዋን ለምን እቆርጣለሁ» የሚል ነው። ለእሷ የማዝን ይመስላል። ሳየው ግን በእሷ ተስፋ የምኖረው እኔ ነኝ፤ እሷ እስካላወቀች ድረስ ልጁ ለእኔም አልሞተም።

ይህን ለአንባቢ መጻፍ አልከበደኝም፤ አንባቢ አያውቀኝም። ኑዛዜ የሚገባቸው በአንጋጫ ያሉት ሰዎች ናቸው፣ እነሱ ደግሞ ጋዜጣ ሳይሆን ሰው ነው የሚጠብቁት። የሚቀጥለው የዱራሜ ጉዞዬ ላይ እወርዳለሁ። ብቻዬን አልሄድም፤ የአክስቴ ልጅ አሁን አገር ቤት ነው፣ እንዲሸኘኝ ነግሬዋለሁ፤ ለምን እንደሆነም ነግሬዋለሁ። መጀመሪያ ዝም አለ። ከዚያ እሱም ከታንዛኒያው መንገድ የሚያውቀው አንድ ቤት ዱራሜ ውስጥ እንዳለ፣ እዚያም አብረን እንድንገባ ለመነኝ።